የእንግዳ ድስት

በኮምቦልቻ ጠዋት የሚጀምረው በወፍ ድምፅ ነው። ወፏን ግን እንዳትፈልጓት፤ የለችም። ያለው ደወልና አዛን ነው። ክርስቲያኑ አዛኑን፣ ሙስሊሙ ደወሉን፣ በጆሮው በተሰካው፣ መላሽ በሚሉት መሣሪያ በኩል ወፍ ሆኖ ይሰማዋል። የአንዱ ጥሪ ሌላውን እንዳይረብሽ ተብሎ የተደረገ ነው። አልረበሸምም፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ጦይባ ይማም አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። የተወለደችው ከቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ግቢ ነው፤ ዛሬም ከአባቷ ከጋሽ ይማም ጋር የምትኖረው እዚያው ነው። ደወሉ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ግን አታውቅም። ስለ ወፏ ጠይቋት፤ እሷን አሳምራ ታውቃታለች። እሑድ እሑድ ትበረታለች።

አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤት ቄስ ፈንታው ናቸው። ጋሽ ይማምና ቄሱ እኩያ ናቸው፤ በየማለዳው አጥሩ ላይ ይገናኛሉ። ቄሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ ለጋሽ ይማም «ደህና ነኝ» ተብሎ ይደርሳቸዋል። ጋሽ ይማም «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ለቄሱም እንደዚያው «ደህና ነኝ» ይላል መላሽ። ሁለት ሽማግሎች ዕድሜ ልካቸውን ደህና ነኝ ሲባባሉ ኖሩ። አንዱ ፈጣሪውን ሲያመሰግን ሌላው ሰምቶት አያውቅም ማለት ነው።

የጦይባ ሥራ መምህርነት ነው። በቦርከና ዳር ባለው ትምህርት ቤት «የጎረቤት ትምህርት» የሚባለውን ክፍለ ጊዜ ትይዛለች። ትይዛለች ስል በሩን ትከፍታለች፣ ልጆቹ ሲቀመጡ ታያለች፣ ሲያልቅ በሩን ትዘጋለች ማለቴ ነው። የሚያስተምረው መላሽ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ በየጆሮው፣ በየአቅሙ፣ ማንንም በማይነካ ለስላሳ አነጋገር ስለ ጎረቤቱ ሃይማኖት ይነግረዋል። ክፍሉ ጭጭ ያለ ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይማራሉ፤ ለማያውቅ ሰው ትኩሳት የያዛቸው ይመስላሉ።

ውጤታቸውን ብታዩ ግን አጀብ ትላላችሁ። ሙስሊሙን ልጅ የክርስቲያን አጽዋማትን ጥራ ብትሉት ከጾመ ነቢያት እስከ ፍልሰታ ሳይተነፍስ ይደረድርላችኋል። ክርስቲያኗን ልጅ ስለ ሐጅ ብትጠይቋት መካ ደርሳ የመጣች ነው የሚመስላችሁ። የማይችሉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርስ በርስ መጠያየቅ። የእምነት ጥያቄ ለመላሽ እንጂ ለሰው አይቀርብም የሚል ሕግ አለ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይም በትልልቁ «ዝም አይነቅዝም» ተብሎ ተጽፏል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ክፉ ቀን ያዩ ሰዎች ነበሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንድ የሳተ ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ቃሉን ጠቅልለው ለመላሽ ሰጡት።

ነገሩ የተበላሸው በጥር፣ በአንድ ረቡዕ ነው። ተበላሸ ልበል ወይስ ተቃና፣ እናንተው ፍረዱ።

አንዋር የሚባል አፉ የማያርፍ ተማሪ አለ። ያን ቀን በክፍለ ጊዜው መካከል ዓይኑን ገለጠና ጮክ ብሎ «ቲቸር» አለ። «መላሽን ጠየቅኩት፤ አልገባኝም። ክርስቲያኖች ሲጾሙ ሦስተኛው ፔሬድ ላይ አይርባቸውም እንዴ?»

«ምን ብሎ መለሰልህ?» አለችው ጦይባ።

«ጾም የሥጋን ፈቃድ ለነፍስ ማስገዛት ነው አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ይርባቸዋል ወይ ብዬ ነው።»

«ይህን ጥያቄ ለእኔ ተዪው» ሲል መላሽ በጆሮዋ ሹክ አላት። ልትተወውም ነበር። ግን ወለላ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች፤ ወለላ የቄስ ፈንታው የልጅ ልጅ ናት። ከንፈሯ ደርቋል፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ታኝካለች። የሰው ረሀብ ለማወቅ ደግሞ መላሽ ምን ያደርጋል?

«ወለላ» አለች ጦይባ። «ይርብሻል?»

የተጨፈነው ዓይን ሁሉ ተገለጠ። ልጅቷ ግራ ቀኟን አየች። «እኔን ነው?»

«አንቺን ነው፣ የኔ እናት።»

«ይርበኛል» አለች ወለላ። «በጣም ነው የሚርበኝ። ግን እነ አንዋር በረመዳን ውሃ እንኳ አይቀምሱም። እኔ ለግማሽ ቀን ራበኝ ብል ይስቁብኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

አንዋር ብድግ አለ። «እኔ ዘንድሮ ረመዳን ሽንት ቤት ገብቼ ከቧንቧ ጠጥቻለሁ» አለ። «ለእማዬ እንዳትነግሩ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ክፍል ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ወለላም ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ እየሳቀች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጦይባ ደንግጣ አጠገቧ ተንበረከከች። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠራረገች። «ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው።»

መላሽ ግን እንባውን ቆጥሯል። መላሽ እንባን የሚያውቀው በአንድ ስም ብቻ ነው፤ ቁስል።

ከደሴ ተቆጣጣሪ መጣ። ስሙ ታደለ ሁሴን ይባላል። በስሙ ሃይማኖቱን ልታውቁ የምትሞክሩ ካላችሁ ተዉት፤ አገሩ ወሎ ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። በእጁ አንጓ ላይ ቁስል በተመዘገበ ቁጥር የምትንቀጠቀጥ ቆጣሪ አስሯል።

«ወይዘሮ ጦይባ፣ በክፍልዎ ቁስል ተመዝግቧል» አላት።

«ቁስል አይደለም፣ አቶ ታደለ። ልጅቷ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው።»

«ደስ ያለው ሰው ያለቅሳል?»

«ይጠይቋት።»

«እኔ ሰው አልጠይቅም» አለ፤ በክፋት አይደለም፣ ማጨስ አቁሜያለሁ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። «የእኔ ሥራ መቁጠር ነው። ቢሮው እንዲህ ያሉትን ክፍሎች ሊዘጋ አስቧል። ልጆቹ በየቤታቸው ሆነው ከመላሽ ይማራሉ። ለእርስዎም ሌላ ሥራ አይጠፋም።»

ጦይባ ስለ ሥራው ግድ አልሰጣትም። በዓይኗ የመጣባት ወለላና አንዋር ናቸው፤ አንዱ በአንድ ቤት ሌላዋ በሌላ ቤት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሚርበውንም የሚጠማውንም ሳያዩ። «አንድ ዕድል ይስጡኝ» ብላ ለመነችው። «በአላህ» ልትል ነበር፤ እንደ ቁስል ይቆጠርብኛል ብላ ዋጠችው።

አቶ ታደለ ወደ መስኮቱ ዞረ። «በግንቦት የጎረቤት ቀን አለ፤ ወላጆች ይመጣሉ» አለ። «እኔም እመጣለሁ። ያን ቀን አንድም ቁስል ካልተቆጠረ ክፍልዎ ይቀጥላል። አንድ እንኳ ከተቆጠረ ግን በቃ።»

የጎረቤት ቀን ማለት ምሳ ማለት ነው። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ፣ የጋን ሥጋ ይበላል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። የጋን ሥጋ ታውቃላችሁ አይደል? በፋብሪካው ጋን ውስጥ እንደ እርሾ ኩፍ ብሎ የሚያድገው ነው። እናት የለው፣ ደም የለው፣ ቢላ አልነካው። ቄሱም ሸኹም «የማንም አይደለም» ስላሉት ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ጋዜጣው በየዓመቱ ፎቶ ያነሣና «በአንድ ማዕድ» ብሎ ያወጣዋል። እውነትም አንድ ማዕድ ነው። ለማንም ማንም ያልደከመበት ማዕድ።

ጦይባ ይህን ስታስብ ነው የእናቷ ድስት ትዝ ያላት። ዕቃ ቤት ጥግ ላይ ተደፍቶ የሚኖር ትልቅ ብረት ድስት ነው፤ የእንግዳ ድስት ይሉታል። የቤቱ ሰው በዚህ ድስት ለራሱ ሥጋ ሠርቶ አያውቅም። እናቷ በነበሩ ጊዜ ድግስ ሲኖር ክርስቲያን ጎረቤት ይጠራና በግ ያርዳል፤ ያ በግ በዚህ ድስት ይሠራና ለክርስቲያን እንግዶች ይቀርባል። የቤቱ ሰው አይቀምሰውም። ጣዕሙን የማያውቁትን ወጥ፣ ጨው ይብቃው አይብቃው እንኳ እንግዳ እያስቀመሱ፣ እንግዳ እንዲጠግብ ብለው ይሠሩታል። በክርስቲያኑም ቤት ለሙስሊም እንግዳ እንዲሁ ይደረግ ነበር። የጋን ሥጋ ከመጣ ወዲህ ይህ ሁሉ ቀረ፤ ድስቱም ተደፍቶ ቀረ።

«አብዬ» አለች አባቷን። «ለጎረቤት ቀን በግ ላሳርድ ነው። ለክርስቲያኖቹ።»

ጋሽ ይማም የከደኑትን ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። «በእንግዳ ድስት?»

«በእንግዳ ድስት።»

«እኛስ ምን እንበላለን?»

«እኛ ሽሮ እንበላለና፣ አብዬ። በግ ብርቅ ነው፤ ሁለት የሚገኝ አይመስለኝም።»

ሽማግሌው ድስቱን ሊያወጡላት ተነሡ። በኋላ ስታስበው ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ሙስሊም ወላጆች አዋጡና ከሐርቡ ማዶ አንድ በግ ተገኘ። አራጁ ክርስቲያን መሆን አለበትና የስፖርት መምህሩን ብርሌውን ለመነችው። ብርሌው ደረቱ ሰፊ፣ ጡንቻው የተፈተለ ጎረምሳ ነው፤ በሕይወቱ ግን ከሽንኩርት በቀር የቆረጠው ነገር የለም። በጉ ገና ሲያየው ናቀው። ግቢውን ሦስቴ አዞረው፣ አንዴ አጥር ላይ ሊያወጣው ነበር። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጨረሰው። ከዚያ ለብቻው ሄዶ ግንድ ላይ ተቀመጠ። «ቲቸር ጦይባ» አላት ላቡን እየጠረገ፣ «ሰው ለጎረቤቱ ይህን ያህል ይደክም ነበር ማለት ነው?»

«ከዚህም በላይ» አለችው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ብርሌው።» መላሽ በጆሮው ምን ብሎ እንዳደረሰለት አላወቀችም።

በዚያው ዕለት ማታ ጋሽ ይማም ቢላቸውን ስለው ከቤት ወጡ። «ወዴት ነው?» ብትላቸው «ሰው ጠርቶኝ ነው» ብለው ሄዱ። እሷ በሽንኩርቱና በበርበሬው ተይዛ ነበርና አልተከታተለቻቸውም።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሙስሊሞቹ በአንድ ወገን፣ ክርስቲያኖቹ በሌላው ተቀመጡ፤ እንዲህ ተቀመጡ ያላቸው የለም። አቶ ታደለ ተነሥቶ በለሆሳስ ተናገረ። «የዛሬው ቀን የሚለካ ነው። እባካችሁ፣ የእምነት ነገር ከሰው ወደ ሰው እንዳይነገር። ጥያቄ ያለው መላሽን ይጠይቅ።» ቆጣሪውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

ጦይባ ድስቷን ከሙስሊም አባ ወራዎች ጋር ተሸክማ በክርስቲያኖቹ ፊት አስቀመጠች። ክዳኑን ስትከፍተው የቅመሙ ሽታ አዳራሹን ሞላው። «ብሉልኝ፣ ለእናንተ ነው» አለች።

በዚያው ቅጽበት ቄስ ፈንታው ከባለቤታቸው ጋር ሌላ ድስት ይዘው ብቅ አሉ። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ድስት ነው። እሳቸውም በሙስሊሞቹ ፊት አስቀመጡና ከፈቱት። የበግ ወጥ ነበር። «ብሉልን፣ ለእናንተ ነው» አሉ።

ጦይባ የቄሱን ድስት አየች። ቄሱ በደግነታቸው በጋቸውን አርደው አመጡልን፤ ግን ክርስቲያን ያረደውን እንዴት እንበላለን? እምቢ ብንልስ ምን ይሰማቸዋል? ቄሱም የጦይባን ድስት ሲያዩ ፊታቸው ልውጥ አለ። ምን እንዳሰቡ መጠየቅ አያስፈልግም። ጉዱ ደግሞ ይህ ነው፤ ሁለቱም ለእንግዳው በጉን አስበዋል፣ አራጁን አስበዋል፣ ድስቱን አስበዋል። ለእንግዳው መንገርን ረስተዋል። አሁን ደግሞ መናገር ተከልክሏል።

መላሽ በየጆሮው ሥራውን ጀመረ። «ከሌላ እምነት ሰው እጅ የቀረበ ሥጋ ነው። በትሕትና ‹ጠግቤአለሁ› በል።»

«ጠግቤአለሁ» አለ አንድ ክርስቲያን አባት።

«እኔም በልቼ ነው የመጣሁት» አለች የአንዋር እናት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግበናል።» «ኧረ ጠግበናል።» አዳራሹ ሁሉ ጠገበ። ባዶ ሆድ ከወዲህም ከወዲያም ይጮሃል፣ ምራቅ ይዋጣል፣ ሁሉም ጠግቧል። ድስቶቹ እየቀዘቀዙ ነው። ጦይባ የፊቶቹን መክፋት ታያለች፤ አቶ ታደለም እጁን አንጓው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ምን ይዋጣት? አባቷን ብታይ ጋሽ ይማም ጥግ ላይ ተቀምጠው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «አብዬ!» ብላ በዓይኗ ብትቆጣቸው በከዘራቸው ግድግዳውን አመለከቷት። ዝም አይነቅዝም።

ያኔ ወለላ ተነሣች። ድፍረቱን ያገኘችው ከመላሽ ሳይሆን ከዚያ ረቡዕ ነው። «ቲቸር» አለች። «ይህን በግ ማን ነው ያረደው?»

አቶ ታደለ አንገቱን ቀና አደረገ። ጦይባ ወደ እሱ አየች፣ ወደ ልጅቷ አየች። ብትመልስ ክፍሏ ይዘጋል። ባትመልስ ደግሞ ይህች ልጅ ሰው ጠይቃ ሰው ዝም እንዳላት ይዛው ታድጋለች። የሚዘጋ ክፍል ይዘጋ፣ አለች በልቧ፤ የተጠየቀ ሰው ይመልሳል።

«መምህር ብርሌው ነው ያረደው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ዛሬ ቡድኑን ይዞ ሐይቅ ሄዷል እንጂ ራሱ ይነግራችሁ ነበር። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በሥላሴ ስም አርዶታል። ያበሰልኩት በእናቴ የእንግዳ ድስት ነው። እኛ አልቀመስነውም፣ አንቀምሰውምም። ጨው ካነሰው ይቅር በሉን።»

ቄስ ፈንታው ጆሯቸውን ያዙ፣ መላሻቸውን ነቀሉ፣ ኪሳቸው ከተቱት። በሰው ፊት መላሽ መንቀል ነጠላ ጥሎ ገበያ እንደመውጣት ነውር ነው።

«ልጄ ጦይባ» አሉ። «የእኛንስ ማን እንዳረደው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ቄሴ።»

«አባትሽን ጠይቂያቸዋ።»

ጦይባ ዞረች። ጋሽ ይማም ሳቃቸው አልቆ እንባቸውን እየጠረጉ ነው። «እኔ ነኝ» አሉ። «ቢስሚላህ ብዬ፣ ወደ ቂብላ አዙሬ፣ እዚያ በእሳቸው ጓሮ። አንቺ ሳትነግሪኝ በፊት አንድ ማታ መላሻቸውን አውልቀው በአጥሩ መጡና ‹ይማም፣ ለእንግዶቼ እረድልኝ፤ ለልጅህም ለማንም እንዳትነግር› አሉኝ። አስማሉኝ። ምን ላድርግ?»

«የሁለታችንንም ታውቅ ነበር?» አለች ጦይባ።

«አውቅ ነበር። ሽሮ እንበላለን ስትዪኝ ሳቄ የመጣው ለዚህ ነው።»

ገባቸው። መጀመሪያ ለአንድ ሁለቱ፣ ከዚያ ለሁሉም። ክርስቲያኖቹ የሚበሉት ያለው በሙስሊሞቹ ድስት ነው፤ ሙስሊሞቹም የሚበሉት ያለው በክርስቲያኖቹ ድስት ነው። ያመጣኸውን ራስህ መብላት አትችልም። የሚያጎርስህ ጎረቤትህ ነው፣ ወይ ጾምህን ታድራለህ። የአንዋር እናት ቀድማ ተነሣች፤ ሳህን ይዛ በአዳራሹ መሐል አልፋ ወደ ቄሱ ሚስት ሄደች። «እኔ እኮ ምንም አልበላሁም፣ እማማ» አለች። «ከትላንት ጀምሮ ነው የራበኝ።» «እኔስ?» አሉ የቄሱ ሚስት። ተቃቀፉ።

መላሾቹ በየጆሮው ‹ጠግቤአለሁ በል፣ ጠግቤአለሁ በል› ማለቱን አላቆሙም። ሰዉ አንድ በአንድ እየነቀለ ኪሱ ከተተ። ሲነቅሉት የጩኸት ዓይነት መጣ፤ ለካ ሰው ሲበላ ይጮሃል። በመጀመሪያው ጉርሻ ጋሽ ይማም «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቄስ ፈንታው እጃቸው ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ምን አልክ፣ ይማም?»

«አልሐምዱሊላህ። አላህን አመሰገንኩ።»

«በየጠዋቱ አጥሩ ላይ የምትለኝ ይህንን ነው?»

«ይህንኑ ነው።»

«እኔም እኮ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምልህ» አሉ ቄሱ። «ደህና ነኝ አላልኩህም። ደህና ባልሆንኩ ጊዜም ተመስገን ነበር የምልህ።»

ጋሽ ይማም የጓደኛቸውን እጅ ያዙ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም።

የዙህር አዛን ያኔ ተሰማ። ክርስቲያኖቹ ልጆች አንገታቸውን አቀኑ፤ ወፏ ዛሬ ቃል አወጣች። ቄስ ፈንታው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ጸጥ በሉ፤ ጎረቤት እየተጠራ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ይማም ዞሩ። «ሂዱ ስገዱ። ማዕዱን ሸፍነን እንጠብቃችኋለን።» ሙስሊሞቹ ወደ ጎን ክፍል ሄደው ሰገዱ። ክርስቲያኖቹ በተሸፈኑት ድስቶች ዙሪያ፣ ርቧቸው፣ ሳይነኩ ጠበቁ። ሲመለሱ አብረው ቀጠሉ። ጦይባ ከቄሱ ድስት ስትጎርስ እንባዋ ወረደ። እሷ ብቻ አይደለችም። አዳራሹ ግማሹ ይጎርሳል፣ ግማሹ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም።

የአቶ ታደለ ቆጣሪ አበደች። መላሽ ከጆሮ ቢነቀልም እንባን በአዳራሹ ግድግዳ በተሰካ ዓይኑ ያያል። ቁስል፣ ቁስል፣ ቁስል። ተቆጣጣሪው በሰዉ መሐል አልፎ መጥቶ ወለላ ፊት ቆመ። ጦይባ እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጠች። አለቀ፣ አለች።

አቶ ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን ወደ ጆሮው ላከ፣ መለሰ፣ እንደገና ላከ። መላሹን ነቀለው። «አንቺ ልጅ» አላት። «ለምንድን ነው የምታለቅሺው?»

ከስንት ዘመን በኋላ ሰው መጠየቁ ነው።

ወለላ ቲቸሯን አየች። ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «በርበሬው ነው፣ ጋሼ» አለች።

«ያቃጥላል» አለ አንዋር ወዲያው እንባውን እያፈሰሰ። «በጣም ነው የሚያቃጥለው።»

«ኧረ እሳት ነው» አለች እናቱ።

አቶ ታደለ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄስ ናቸውና መዋሸት አልፈለጉም። «በርበሬው» አሉ አስበው፣ «በእውነት በርበሬ ነው።»

ተቆጣጣሪው የሚንቀጠቀጠውን አንጓውን በሌላው እጁ ሸፈነ። ሳህን አነሣና ወደ አንደኛው ድስት ሄደ። የትኛው ድስት እንደሆነ ጦይባ አይታለች፤ ለማንም አልተናገረችም፣ እኔም አልናገርም። ብቻ እንደተራበ ሰው በላ። ሲጨርስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ወደ ጦይባ መጥቶ፣ ድምፁን እንደልማዱ ዝቅ አድርጎ፣ «እውነትም በርበሬው ነው» አላት።

«ይስጥልኝ፣ አቶ ታደለ» አለችው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ማለዳ ጦይባ ገና አልጋዋ ላይ ሳለች መላሿን ነቅላ ትራሱ ሥር አስገባችው። ደወሉ ሲደወል ጎኗ ድረስ ተሰማት። ወፏ ይህን የሚያህል ድምፅ አላት ብላ አስባ አታውቅም። ተኝታ ሰማችው እስኪያልቅ። ከዚያ በመስኮት ቄስ ፈንታው ከአጥሩ ማዶ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ፣ አባቷ ሲመልሱላቸው ሰማች፤ ተነሥታም «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ሳትጠየቅ፣ ለሁለቱም።

የቢሮው ውሳኔ የመጣው ክረምት ሲገባ ነው። የጎረቤት ትምህርት ክፍል ይቀጥላል ይላል። በዕለቱ የተቆጠረው እንባ ከቁስል ሳይሆን ከቅመም የመጣ መሆኑ ተረጋግጧል ይላል። በመጨረሻም ለተሳታፊዎች ዓይን ጤንነት ሲባል በሚቀጥለው ዓመት የበርበሬው መጠን እንዲቀነስ ያሳስባል።

በሚቀጥለው ዓመት ጦይባና የቄሱ ሚስት በርበሬውን አብረው አስፈጩ፤ በርበሬውም እጥፍ ሆነ።